ለዎርድፕረስ የዜና ድረ ገጽ አውቶማቲክ ቴስት፦ ምን ይጻፍ፣ የት ይሂድ? ከሐዋሳ ሆነን ስናወዳድር

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ጠዋት በዎርድፕረስ፣ ማለትም በድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር፣ በተሠራው ድረ ገጻችን አናት ላይ «መስከረም 1 ቀን 2016» የሚል ቀን ተለጥፎ አደረ። አንባቢዎች እየደወሉ «ዘመን መለወጫ ነገ አይደለም እንዴ?» ይሉን ነበር። ቀኑን የሚያሰላውን ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ኮድ) የጻፍነው እኛው ነን። ኮዱ እንቁጣጣሽ ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል ብሎ ያምናል፤ በየአራት ዓመቱ ወደ 12 እንደሚሻገር ማናችንም አላሰብንም። አምስት መስመር የማትሞላ አንዲት ቴስት፣ ማለትም ኮዱ ልክ መሥራቱን የምትፈትሽ አጭር ኮድ፣ ብትኖረን ስህተቱ ከወራት በፊት ይያዝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እዚህ ሐዋሳ ድረ ገጽ ከሚያንቀሳቅሱ ጓደኞቼ ጋር ስንቀመጥ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቴስት እንጀምር፣ ግን በየትኛው? አንዱ ፒኤችፒዩኒት ይላል፣ ሌላው ፕሌይራይት፣ ሌላው ሳይፕረስ፣ ዶከር፣ ጊትሃብ አክሽንስ። ፒኤችፒዩኒት ኮድን ከውስጥ ይፈትሻል፤ ፕሌይራይትና ሳይፕረስ ብራውዘርን እንደ ሰው ይነዳሉ፤ ዶከር ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር በአንድ ጥቅል ያስነሳል፤ ጊትሃብ አክሽንስ ደግሞ ቴስቱን ኢንተርኔት ላይ ባለ ማሽን ያስኬዳል። ስማቸው አንድ ላይ ስለሚጠራ ተፎካካሪ ይመስላሉ እንጂ ብዙዎቹ አይፎካከሩም። ምርጫው ሁለት ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ምን ዓይነት ቴስት እንጻፍ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ቴስቱ የማን ኮምፒውተር ላይ ይሂድ የሚለው ነው። ሁለቱን ለየብቻ ካልመዘንናቸው ውይይቱ መቋጫ አያገኝም።

በምን እንመዝን?

ለእኔ ከሁሉም የሚቀድመው መመዘኛ፣ ቴስቱ የሚይዘው ስህተት አንባቢ ዘንድ የሚደርስ ዓይነት ነው ወይ የሚለው ነው። የትኛውም ቡድን ሁሉንም ነገር የመፈተሽ ጊዜ የለውም። አንድ ጋዜጠኛ ጽፎ «አትም» ሲል ጽሑፉ ወጣ ወይ? ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ይከፈታል ወይ? ፍለጋው ያገኘዋል ወይ? ቀኑ ትክክል ነው ወይ? ከእነዚህ አንዱን የማይጠብቅ ቴስት ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛው ዳታ ነው። ብራውዘሮችና የዶከር ምስሎች (የሚወርዱት ጥቅሎች) በመቶዎች ሜጋባይት፣ አንዳንዴም በጊጋባይት የሚቆጠሩ ናቸው። በሞባይል ጥቅል ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ሦስተኛው መብራት ነው፤ ቴስቱ መሃል ላይ ሳለ መብራት ቢሄድ ሥራው ይቆማል ወይስ ሌላ ቦታ ይቀጥላል? አራተኛው ክፍያ ነው። ነጻ የሆነው ድርሻ ሲያልቅ የዶላር ካርድ የሚጠይቅ አገልግሎት፣ ብር ቢኖረንም የማንደርስበት ሊሆን ይችላል።

አምስተኛውን ሰዎች ይረሱታል። ቴስቱን የጻፈው ልጅ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ቢሄድ ማን ያነበዋል? ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የመጣ ተማሪ በሁለት ቀን የማይገባውን መሣሪያ የመረጠ ቡድን፣ ከስድስት ወር በኋላ ቴስቱን ያጠፋዋል።

የቴስት ዓይነቶች

*በእጅ መፈተሽ።* ከእያንዳንዱ አፕዴት በኋላ አሥር ነጥብ ያለው ወረቀት ይዞ ገጾቹን መክፈት ማለት ነው። ዳታ አይፈልግም፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ችግሩ ሰው መድከሙ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዝርዝሩ ይከበራል፤ በሦስተኛው «ባለፈው ምንም አልሆነም» ይባላል። ቢሆንም ይህን ወረቀት ሳይጽፉ ወደ አውቶማቲክ መሄድን አልመክርም። ኋላ ቴስት የሚሆኑት እነዚያው አሥር ነጥቦች ናቸው።

*የዎርድፕረስን የራሱን መከላከያ ማመን።* ከ2020 ጀምሮ፣ ማለትም ከሥሪት 5.5 ወዲህ፣ ፕለጊኖች ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያድሱ መፍቀድ ይቻላል። በ2024 የወጣው ሥሪት 6.6 ደግሞ፣ በራሱ የታደሰ ፕለጊን ድረ ገጹን ከጣለው ወደ ቀድሞው ሥሪት ይመልሰዋል። ጥሩ ነገር ነው፤ ክፍት አድርጉት። ግን የሚይዘው ገጹን ጨርሶ የሚያቆመውን ስህተት ብቻ ነው። የእኛን የጳጉሜን ስህተት አይቶ ዝም ይል ነበር፤ ገጹ ተከፍቷልና።

*ፒኤችፒዩኒት።* ኮዱን ከውስጥ ይፈትሻል። ዎርድፕረስ የራሱ የቴስት ስብስብ ስላለው፣ በቴስቱ ውስጥ እውነተኛ ጽሑፍ ፈጥሮ፣ ዳታቤዝ ውስጥ አስገብቶ፣ ውጤቱን መጠየቅ ይቻላል። እያንዳንዱ ቴስት ሲያልቅ ዳታቤዙ ወደነበረበት ይመለሳል፤ አንዱ የፈጠረው ጽሑፍ የሌላውን አያበላሽም። አንዴ ከተዘጋጀ ፈጣን ነው፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ብራውዘር ስለማይከፍት ግን አዲሱ ቲም (የድረ ገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) «አትም» የሚለውን ቁልፍ ቢሸፍነው አያውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከልቤ ልናገር። ይህ የቴስት ስብስብ ሥራ ሲጀምር የተሰጠውን ዳታቤዝ ሠንጠረዦች ያጠፋቸዋል። የቴስቱ ዳታቤዝ ለብቻው፣ በሌላ ስም፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተፈጠረ ይሁን። የእውነተኛው ድረ ገጽ ዳታቤዝ የይለፍ ቃል ቴስቱ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ፈጽሞ አይግባ።

*የብራውዘር ቴስት።* ሰው የሚያደርገውን ያደርጋል። ይገባል፣ ርዕስ ይጽፋል፣ ፎቶ ይጭናል፣ ያትማል፣ ከዚያ እንደ አንባቢ ሆኖ ገጹን ይከፍታል። ከሁሉም ለአንባቢው ሕይወት የቀረበው ይህ ነው። ከሁሉም ቀርፋፋውም፣ ቶሎ የሚሰበረውም እሱ ነው፤ የቁልፉ ስም ሲቀየር ቴስቱ ይወድቃል። ስለዚህ ቁጥሩ ይነስ። እኛ ስድስት አሉን፣ ሰባተኛውን ለመጨመር እንከራከራለን።

የአማርኛ ጽሑፍ የራሱ ቴስት አለው

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ከውጭ የሚወርዱ የቴስት ናሙናዎች ይህን አይነኩትምና።

የመጀመሪያው ሊንክ ነው። ዎርድፕረስ የጽሑፉን ርዕስ ወደ አድራሻ ሲለውጠው 200 ቁምፊ ላይ ይቆርጠዋል። ለእንግሊዝኛ 200 ብዙ ነው። አንድ የግእዝ ፊደል ግን አድራሻ ውስጥ ሲገባ ወደ 9 ቁምፊ ይዘረዘራል፤ ስለዚህ የሚተርፈን 22 ፊደል ገደማ ነው። ምሳሌ እንውሰድ፤ «በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የሚካሄደው የሩጫ ውድድር ተጀመረ» የሚል ርዕስ አድራሻው «በሐዋሳ-ሐይቅ-ዳርቻ-የሚካሄደው-የሩጫ-ውድ» ላይ ይቆረጣል። በማግስቱ «...ውድድር ተራዘመ» ብለን ብንጽፍ ያው አድራሻ መጥቶ መጨረሻው ላይ 2 ቁጥር ይቀጠልለታል። ሁለቱን ሊንክ ጎን ለጎን ያየ ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። አንዳንድ ቡድኖች ይህን የሚፈታ አጭር አድራሻ ሰጪ ኮድ ይጽፋሉ። ያ ኮድ ካላችሁ መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው፣ የሚፈተሸውም በፒኤችፒዩኒት ነው።

ሁለተኛው ፍለጋ ነው፤ የከተማችን ስም ራሱ ፈተናው ነው። ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ሃዋሳ፣ አዋሳ፤ አራቱንም ሰዎች ይጽፋሉ። ለአንባቢ አንድ ከተማ ነው፣ ለዳታቤዙ አራት የተለያዩ ቃላት። «ሀዋሳ» ብሎ የፈለገ ሰው «ሐዋሳ» ተብለው የተጻፉትን ጽሑፎች አያገኝም። ጸሐይና ፀሐይ፣ ሠላምና ሰላምም እንደዚያው። ሞክሼ ፊደላትን አንድ የሚያደርግ ኮድ ከጨመራችሁ አራቱንም አጻጻፍ እየተቀበለ ውጤቱን የሚያወዳድር አንድ ቴስት ጻፉ። እኛ ዘንድ ከሁሉም ብዙ ጊዜ ያዳነን ይህ ነው። የፍለጋ ፕለጊኑ በታደሰ ቁጥር የእኛን ማስተካከያ ሳያውቀው ያልፈዋልና።

ሦስተኛው የጽሑፍ ቅንጭብ ነው። ዎርድፕረስ መነሻ ገጹ ላይ የሚያወጣውን ቅንጭብ 55 ቃል ላይ ይቆርጣል፤ ቃል የሚቆጥረው ግን በባዶ ቦታ ነው። በሁለት ነጥብ (፡) ብቻ የተለያየ የቆየ ጽሑፍ ስትለጥፉ፣ አንቀጹ በሙሉ እንደ አንድ ቃል ተቆጥሮ መነሻ ገጹን ይሞላዋል። የቤተ ክርስቲያን ወይም የታሪክ ጽሑፍ የሚያትም ድረ ገጽ ይህን ሊዘለው አይገባም።

በሲዳሙ አፎም ለምታትሙ ደግሞ ሌላ አለ። ቋንቋው በላቲን ፊደል ሲጻፍ ጭረት መሰሉን ምልክት (') እንደ ፊደል ይጠቀምበታል። ዎርድፕረስ ጽሑፉን ሲያሳይ ያንን ቀጥ ያለ ምልክት ወደ ጠመዝማዛው የጥቅስ ምልክት ይቀይረዋል። አንባቢው ቃሉን ከገጹ ቀድቶ ፍለጋ ውስጥ ሲለጥፈው አያገኘውም፤ ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው ቀጥ ያለው ነውና።

ቀን ላይ ስመለስ፣ ቴስቱ ውስጥ ቢያንስ እነዚህ ይግቡ፦ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ነው፤ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 መስከረም 1 ቀን 2016 ነው፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2017። ፒኤችፒዩኒት አንድ ቴስት ለብዙ ጥንድ እንዲሠራ ስለሚያስችል ሠንጠረዡን እያስረዘሙ መሄድ ቀላል ነው። ጳጉሜን 6 በ2019 መጨረሻ እንደገና ይመጣል፤ እስከዚያ ዝግጁ ሁኑ።

የሰዓቱም ነገር አለ። የጊትሃብ ማሽኖች የሚሄዱት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ እኛ ዘንድ ቀኑ ተቀይሯል፣ እዚያ ገና ነው። ላፕቶፕ ላይ የሚያልፍ ቴስት ሌሊት እዚያ ሲሄድ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ቴስቱ ውስጥ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ብላችሁ አስሩት።

ከብራውዘር መሣሪያዎች የትኛው?

ሴሌኒየም አንጋፋው ነው፤ ከ2004 ጀምሮ አለ። በጃቫም በፓይተንም በሌላም ይጻፋል። ከዚህ በፊት የሚያውቀው ሰው ካላችሁ ተጠቀሙበት። ከዜሮ ለሚጀምር ግን ገጹ እስኪጫን የመጠበቁን ነገር በራስ ኮድ ማስተካከል ስለሚጠይቅ፣ ኢንተርኔት በሚንቀራፈፍበት ቀን ያለ ምክንያት የሚወድቁ ቴስቶች ይበዛሉ።

ሳይፕረስ ለጀማሪ ደስ ይላል። እያንዳንዱን እርምጃ መስኮት ውስጥ እያሳየ ስለሚሄድ ተማሪ ቶሎ ይገባዋል። ጃቫስክሪፕት ብቻ ነው፣ ከአንድ በላይ የብራውዘር ትር መቆጣጠር ያዳግተዋል። መሣሪያው ራሱ ነጻ ሲሆን የሚከፈልበት የውጤት ማከማቻው ነው፤ ያለ እሱም ይሠራል።

ፕሌይራይት በ2020 ከማይክሮሶፍት የወጣ ነው። ቁልፉ እስኪታይና ለመጫን ዝግጁ እስኪሆን ራሱ ይጠብቃል፤ ቀርፋፋ መስመር ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዎርድፕረስ የራሱ አዘጋጆችም ከቀድሞ መሣሪያቸው ወደዚህ ስለዞሩ ለአርታኢው ገጽ የተዘጋጁ ረዳት ኮዶች ይገኛሉ። ሲጫን ሦስት ብራውዘሮችን ሊያወርድ ይችላል፤ ክሮሚየምን ብቻ እንዲያወርድ እዘዙት፣ ዳታችሁ ይተርፋል። ቴስት ሲወድቅ የሆነውን ሁሉ ከነስክሪን ምስሉ የሚያስቀምጥ ፋይል ያወጣል፤ ያንን በቴሌግራም ለባልደረባ ልኮ አብሮ ማየት ይቻላል። የእኔ ምርጫ እሱ ነው። ሳይፕረስን አሁን እየተጠቀማችሁ ካላችሁ ግን ለመቀየር ብላችሁ አትቀይሩ።

ቴስቱ የት ይሂድ?

*ላፕቶፕ ላይ በዶከር።* ዎርድፕረስ ያዘጋጀው የአካባቢ መሣሪያ አለ፤ ዶከርን ተጠቅሞ አንድ ድረ ገጽ ለሥራ፣ ሌላ ለቴስት ይከፍታል። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ ይሠራል። መጀመሪያ የሚወርደው ግን ከባድ ነው፤ 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕም ይንገዳገዳል። እኛ የዶከር ምስሎቹን ፈጣን መስመር ባለበት ቦታ አንድ ጊዜ አውርደን፣ ወደ ፋይል ቀይረን በፍላሽ እናዞራለን።

*ፕሌይግራውንድ።* ዎርድፕረስን ብራውዘር ውስጥ፣ ያለ ሰርቨር የሚያስነሳ ነው። ለልምምድ ተማሪና ፕለጊን ለአፍታ ለማየት ከዚህ የቀለለ የለም። ዳታቤዙ ግን ማይኤስኪውኤል ሳይሆን ኤስኪውላይት ስለሆነ፣ ከላይ ያልኳችሁን የፍለጋ ቴስት ውጤት እዚህ አይታችሁ አትመኑ።

*ጊትሃብ አክሽንስ።* ኮዱ ሲላክ ቴስቱ እነሱ ማሽን ላይ ይሄዳል። መብራት ቢሄድም እዚያ ይቀጥላል፤ ብራውዘሩንም የሚያወርደው የእነሱ መስመር ነው፣ ከእኛ ዳታ ምንም አይቀነስም። ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ነጻ ነው። የተዘጋ ከሆነ ነጻው ድርሻ በወር 2,000 ደቂቃ ነው። ስሌቱን እንሥራ፤ ሙሉው ቴስት 6 ደቂቃ ቢወስድና በቀን አሥር ጊዜ ቢሄድ፣ በ22 የሥራ ቀን 1,320 ደቂቃ ነው። ይበቃል። ይህ የሊኑክስ ማሽን ስሌት ነው፤ ዊንዶውስና ማክ ከዚያ በላይ ይበላሉ።

*ጊትላብ።* አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፤ ነጻው ድርሻ ግን 400 ደቂቃ ነው። ያው ስሌት እዚህ በሰባተኛው ቀን ያልቃል። ኮዳችሁ አስቀድሞ እዚያ ከሆነና ቴስታችሁ ትንሽ ከሆነ ይሁን።

*የቢሮ ኮምፒውተር።* ሁለቱም አገልግሎቶች የራሳችሁን ማሽን እንድታያይዙ ይፈቅዳሉ፤ ደቂቃ አይቆጠርባችሁም። ወደ ውጭ ብቻ ስለሚገናኝ የራሱ ቋሚ አድራሻ አያስፈልገውም። ባትሪ ወይም ዩፒኤስ ያስፈልገዋል። ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ግን ይህን አታድርጉ፤ ማንኛውም ሰው የላከው ኮድ ቢሯችሁ ኮምፒውተር ላይ ሊሄድ ይችላል።

| አማራጭ | ምን ይይዛል | ዳታ | መብራት ሲሄድ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| የወረቀት ዝርዝር | የሚታየውን፣ ሰው ካልደከመ | የለም | በስልክ ይቀጥላል | ጊዜ ብቻ |
| የዎርድፕረስ መከላከያ | ገጹ ሲወድቅ ብቻ | የለም | አይነካውም | ነጻ |
| ፒኤችፒዩኒት በላፕቶፕ | ቀን፣ አድራሻ፣ ፍለጋ | አንዴ ብቻ | እስከ ባትሪው | ነጻ |
| ፕሌይራይት በላፕቶፕ | የማተሙን ሂደት በሙሉ | መካከለኛ፣ ዶከር ከታከለ ከባድ | እስከ ባትሪው | ነጻ |
| ሁለቱም በጊትሃብ | ከላይ ያሉትን ሁሉ | ኮዱን መላክ ብቻ | ይቀጥላል | በወር 2,000 ደቂቃ ነጻ |
| ሁለቱም በቢሮ ኮምፒውተር | ከላይ ያሉትን ሁሉ | በየአፕዴቱ | ዩፒኤስ ካለ | ማሽኑና መብራቱ |

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ብቻችሁን የምትሠሩና የራሳችሁ ኮድ የሌላችሁ፣ ማለትም የተገዛ ቲምና የወረዱ ፕለጊኖች ብቻ ከሆኑ፣ ፒኤችፒዩኒትን ለአሁኑ ተዉት። የሰው ፕለጊን ውስጥ ገብታችሁ የምትፈትሹት ነገር የለም። የወረቀቱን ዝርዝር ያዙ፣ ከእሱ ውስጥ ሦስቱን ወደ ፕሌይራይት ቀይሩ፦ መግባት፣ ማተም፣ የታተመውን እንደ አንባቢ መክፈት። በጊትሃብ አስኪዱት። ለዚህ አንድ ቅዳሜ ይበቃል።

ከሁለት እስከ አራት ሰው ሆናችሁ የራሳችሁ ፕለጊን ካላችሁ በፒኤችፒዩኒት ጀምሩ፤ ቀንን፣ አድራሻንና ፍለጋን ሸፍኑ። የብራውዘር ቴስቱ ሁለተኛው ወር ላይ ይምጣ። በተገላቢጦሽ የጀመሩ ጓደኞች አሉኝ፤ ሃያ የብራውዘር ቴስት ጽፈው ቲም ሲቀይሩ አሥራ አምስቱ ወደቁባቸው፣ ተስፋ ቆርጠውም ሁሉንም አጠፉት። የሚያሳዝነኝ ሥራው መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ «ቴስት» የሚለውን ቃል መስማት አይፈልጉም።

በዓል የሚያጥለቀልቃችሁ ከሆናችሁ፣ ለምሳሌ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ወይም ለፍቼ ጨምበላላ መረጃ የምታወጡ ከሆነ፣ አፕዴት የማይነካበት ሳምንት አስቀድማችሁ አውጁ። የገብርኤልን ቀን ካላንደር ይነግራችኋል። የፍቼ ቀን ግን የሚታወቀው አያንቱዎች ከዋክብትን አይተው ሲያውጁት ስለሆነ፣ አስቀድሞ ቀን ቆርጦ ማሰር አይቻልም። ለዚህ የሚሻለው ቴስቱ በየሌሊቱ በሰዓት እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ ቀኑ በታወጀ ዕለት ድረ ገጹ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ጠዋት ታውቃላችሁ።

በጀት ያላችሁ ድርጅቶች የዶላር ካርድ ከመፈለጋችሁ በፊት ለአንድ ጥሩ ዩፒኤስና 16 ጊጋባይት ራም ላለው የቢሮ ኮምፒውተር አውጡት። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን በዶላር የሚከፈል ወርሃዊ ሒሳብ በብር ሲታሰብ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ማሽኑ ግን አንዴ ተገዝቷል።

የትኛውንም ብትመርጡ የመጀመሪያዋ ቴስት የከተማችሁን ስም በአራቱም አጻጻፍ የምትፈልገው ትሁን። ዛሬ ማታ ጽፋችሁ አስኪዷት፤ አብዛኛዎቻችሁ ዘንድ ትወድቃለች፣ ሥራውም ከዚያ ይጀምራል።